በረንዳው በእትዬ ክፍል በኩል ነው

ቅዳሜ፣ 2

ስድስት ፔቱኒያና ሁለት ጀራኒየም ገዛሁ! እኔ! በዕድሜዬ አንዲት ቅጠል አብቅዬ የማላውቀው ሴትዮ!

ከልብስ ስፌቱ ስወጣ፣ ፌርማታው ጋ ያለው ችግኝ ሻጭ ለአንዲት ሴት ችግኝ በጋዜጣ ሲጠቀልል አየሁና እግሬ አልሄድ አለኝ። «የት ልትተክያቸው ነው?» ሲለኝ «በረንዳ አለኝ» አልኩት። በረንዳ አለኝ! አርባ አንድ ዓመቴ ነው፤ ይህችን ቃል ከአፌ አውጥቼ አላውቅም። አውቶቡስ ውስጥ ጋዜጣውን አቅፌ ብቻዬን ስስቅ አጠገቤ የነበረው ሰውዬ ቦታ ቀየረ።

ደጃፍ ስደርስ ነው ትዝ ያለኝ። በረንዳው የሚወጣው በአባቴ ሚስት ክፍል በኩል ነው።

አባቴ ከሞተ አምስት ወር ሆነው። እኔ እዚህ ቤት ከገባሁ አራት። በአራት ወር ውስጥ ያንን በር አንኳኩቼ አላውቅም። ኩሽና ስንገናኝ «እንዴት ዋልሽ?» «ደህና፣ እርስዎስ?»፤ ከዚያ ሳህናችንን አጥበን ወደየክፍላችን።

ዛሬ አንኳኳሁ።

«ምንድን ነው?»

«አበባ ነው፣ እትዬ። በረንዳው ላይ ላስቀምጠው ብዬ።»

ችግኞቹን አየች። ቀጥላ እግሬን አየች። «ጫማሽን አውልቂ» አለች።

እሺ ማለቷ ነው ብዬ ገባሁ።

እሑድ፣ 3

ቀኑን ሙሉ ስተክል ዋልኩ። ወገቤ የለም። ግን እንዴት ደስ እንዳለኝ!

ጠዋት ስፌት ቤት ሄጄ የልብስ ቁልፍ የሚመጣባቸውን ነጭ ባልዲዎች ከዘበኛው ለምኜ አመጣሁ፤ ስምንት። አፈሩን ከሕንፃው ጀርባ ቆፍሬ አራት ፎቅ ተሸክሜ አወጣሁ፤ በአምስት ዙር። እያንዳንዱን ችግኝ ስተክል ዙሪያውን በጣቴ እየጫንኩ «አይዞሽ» እላለሁ። ከዚያ ውሃ አጠጣኋቸው። ቆይቼ ደግሞ የጠማቸው መሰለኝና ደገምኳቸው።

የአባቴ ሚስት አልጋዋ ላይ ተቀምጣ በተከፈተው በር ስታየኝ ነበር። ጡረታ የወጣች አዋላጅ ናት፤ ሠላሳ ምናምን ዓመት ልጅ ስታዋልድ ኖራለች። ሰው ስታይ የሆነ ነገር እየለካች ነው የሚመስለው። በመጨረሻ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፦ «ውሃው በየት ነው የሚወጣው?»

«ለምን ይወጣል? ይጠጡታል እንጂ» አልኳት።

ትራሷን ደገፍ አለች።

ስለ እሷ አንድ ነገር እዚህ ልጻፍ። «የእንጀራ እናቴ» አልላትም፤ ቃሉ ውስጥ «እናት» አለ። አባቴን ስታገባው ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ሰርጉ ላይ አልተገኘሁም። ከዚያ በኋላ በዓመት ሁለቴ እየመጣሁ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጬ፣ ሰዓቴን አይቼ እሄድ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት። ቤቱን አባታችን እናታችን በሕይወት እያለች በእኔና በወንድሜ ስም ነው ያዞረው። ልንሸጠው ነው። ወንድሜ ሦስት ልጆች ይዞ ሁለት ክፍል ውስጥ ተጣቦ ነው የሚኖረው፤ የኔም ኪራይ ቤት ያው ነበር። እሷ ሌላ ከተማ የእህቷ ልጅ አለቻት፣ ትወስዳታለች። ሁሉም ነገር መስመር ይዟል። የቀረው ለእሷ መንገር ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ የኔ ድርሻ ነው። «ሴት ለሴት ይሻላል» ብሏል ወንድሜ።

እነግራታለሁ። በዚህ ሳምንት።

ሰኞ፣ 4

ሥራ ተጣደፈ። የተማሪ ደንብ ልብስ ትዕዛዝ። ሰማንያ ድርብ ጨርቅ በአንድ ጊዜ ስቆርጥ ዋልኩ። ለአበቦቹ ጠዋትም ማታም ውሃ ሰጥቻለሁ።

ረቡዕ፣ 6

ወንድሜ ደወለ።

«ነገርሻት?»

«አበባ ተከልኩ፣ ጋሼ።»

«ምን ተከልሽ?»

«በረንዳው ላይ። ገዢ ሲመጣ እንዲያምር ብዬ።»

«ጎበዝ» አለኝ። «ይሄ እንኳ ሐሳብ ነው።»

እውነቴን ነው። ለገዢ ነው የተከልኩት። ቅዳሜ እነግራታለሁ።

ቅዳሜ፣ 9

ጉድ ሆንኩ! ቅጠሎቹ ብጫ ሆኑ። ሁለቱ ፔቱኒያዎች አንገታቸውን ደፍተዋል፤ አንደኛው ባልዲ ደግሞ ይሸታል። አንዷን ነቅዬ በጋዜጣ ይዤ ወደ ችግኝ ሻጩ ሮጥኩ። ባልዲዬን እንዴት እንዳዘጋጀሁ ስነግረው ራሱን ያዘ።

«ቀዳዳ የለውም?»

«የለውም።»

«በቀን ሁለቴ ታጠጫለሽ?»

«አንዳንዴ ሦስቴ።»

«እህቴ፣ አበባ ነው የተከልሽው ወይስ ዓሣ?»

ፌርማታው ላይ የቆመው ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። እኔም ሳቅኩ፤ ውስጤ ግን አረረ። አፈሩም ስህተት ነበር፤ ባልዲ ውስጥ እንደ ጡብ ይደርቃል አለኝ። ብስባሽና አሸዋ የተቀላቀለበት ሰጠኝ። ጣትሽን አፈሩ ውስጥ ክተቺ፣ ከደረቀ አጠጪ፣ ካልደረቀ እጅሽን ሰብስቢ አለኝ።

ቤት ስገባ የአባቴ ሚስት ምስማር በምድጃው ላይ አግላ ጠበቀችኝ። አልጠየቅኳትም። ባልዲውን ገልብጣ ጉልበቷ መሃል አጥብቃ ያዘችና በፒንሳ የያዘችውን ምስማር የባልዲው መቀመጫ ላይ ተጫነችው። ጭስ፣ ጠረን፣ ቀዳዳ።

«እሑድ ዕለት ለምን አልነገሩኝም?»

«ጠየቅኩሽ እኮ። ይጠጡታል አልሽ።»

አራቱን አተረፍን። ሁለቱ ሞቱ። ጀራኒየሞቹ ምንም አልሆኑም፤ ደንዳኖች ናቸው። አፈር የነካ እጃችንን አንድ ማስታጠቢያ ላይ ታጠብን።

የቤቱን ነገር ለማንሳት ቀኑ አልተመቸም።

ሰኞ፣ 11

ከሥራ ስመለስ አንድ ካርድ ሰጠችኝ። የደም ግፊቷን የምትጽፍበት ካርድ ነው፤ በጀርባው በእርሳስ እንዲህ ይላል፦ «ፀሐይ ግራ ጥግ፦ ከሦስት ሰዓት እስከ ሰባት ተኩል። መሃል፦ ከአራት እስከ ስምንት። ቀኝ ጥግ፦ የለም፣ የግድግዳ ጥላ።»

ቀኑን ሙሉ ተቀምጣ ስትመዘግብ ውላለች! ፔቱኒያዎቹን ወደ ግራ፣ ጀራኒየሞቹን ወደ መሃል አዛወርን። ይህቺ ካርድ እንዴት እንዳስደሰተችኝ ለመናገር አፍራለሁ። ደብተሩ ውስጥ ለጠፍኳት።

ሐሙስ፣ 14

ዛሬ አዲስ ትምህርት። ችግኝ ሻጩ፣ ፔቱኒያ እንዲበዛ ጫፉን ቁረጪው ብሎኝ ነበር። ሲቆረጥ በጎንና በጎን ያቆጠቁጣል። መቀስ ይዤ ቆምኩ። ዛሬ ጠዋት ሰማንያ ድርብ ጨርቅ ያለ አንድ ስህተት የቆረጥኩ ሰው! አንዲት የክር ውፍረት ያላት ግንድ ግን አልቆርጥ አልኩ። ጫፏ ላይ እምቡጥ አለ፣ የመጀመሪያው እምቡጥ።

«አምጪ» አለችኝ እትዬ። «እኔ ስንት እትብት የቆረጥኩ ሴት ነኝ።»

ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። አራተኛዋ ጋ ስትደርስ እጇን ያዝኩት። «ይህቺን ተይልኝ… ይተዉልኝ።» በአንቺ ጠራኋት፤ ደነገጥኩ። እሷ ግን የሰማች አልመሰለችም።

«እምቢተኛ ትሆንብሻለች» አለችና መቀሱን ዘጋችው።

እሑድ፣ 17

ወንድሜ ድንገት መጣ። በረንዳውን አይቶ ደስ አለው፤ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ እንደ ባለ እርሻ ቆመ። «ገዢ በዚህ በር ሲወጣ አለቀለት» አለ። «መቼ ነው የምትነግሪያት? ገዢዎቹ ከአንድ ወር በላይ አይሰጡኝም።»

«ቀስ በል፣ ጋሼ።»

«ኩሽና ናት እኮ።»

ኩሽና ነበረች። ውሃ እየቀዳች ነበር። ውሃ ሲፈስ ደግሞ አይሰማም። ስትመጣ ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም፤ ልጆቹ እንዴት ናቸው ብላ ጠየቀችው፣ የትንሿን ጉንፋን እንኳ አልረሳችም።

የሰማች አይመስለኝም።

ማክሰኞ፣ 19

የሰማች አይመስለኝም። ቧንቧው ክፍት ነበር።

ረቡዕ፣ 20

እትዬ ከሥራ ቦታ ባዶ ካርቶን እንዳመጣላት ጠየቀችኝ። «የማልለብሰውን ልብስ ላስቀምጥበት ብዬ ነው» አለች። ሦስት አመጣሁላት። እንዲያውም ደግ ነው፣ ቁም ሳጥኗ ሞልቷል።

ስፌት ቤት ኦቨርሎክ የምንላት ጓደኛዬ (ስሟ ሌላ ነው፤ እንደ ጨርቅ ጠርዝ መቋጫው ማሽን ስለማታቋርጥ ነው) «ሰሞኑን የምታወሪው ሁሉ እትዬ እንዲህ አለች፣ እትዬ እንዲያ አለች ሆነ» አለችኝ። «ስለ አበባው ነው የማወራው» አልኳት። «አዎ፣ ስለ አበባው» አለች፤ ሌሎቹም ሳቁ። ምኑ እንዳሳቃቸው እንጃ።

ማክሰኞ፣ 26

ፈነዳች! ፈነዳች! ፈነዳች!

ያልተቆረጠችው! ሐምራዊ፣ መሃሏ ላይ ጠቆር ያለ፣ የሻይ ስኒ አፍ የምታህል! ጠዋት ልለብስ ስል በእትዬ በር በኩል ድምፅ ሰማሁ። በር ላይ ጆሮ መደገፍ ነውር ነው፤ ተደገፍኩ። እትዬ በረንዳው ላይ ናት።

«ግፊ» ትላለች። «ግፊ እንጂ። ደርሷል፣ ጭንቅላቱ ታይቷል። በርቺ፣ የኔ ጎበዝ።»

ሳቄን መያዝ አቃተኝ። በሩን ስከፍት ፈጽሞ አላፈረችም። «ነይ፣ እይ» አለችኝ። «ሴት ናት።»

ሁለታችንም እንደ ሞኝ ቆመን አየናት። ሥራ አርፍጄ ገባሁ። አለቃችን ተቆጣኝ፤ ምን እንዳለኝ አላስታውስም።

ሐሙስ፣ 28

ክሽክሽ! ቅጠሎቹ ሥር ጥቃቅን አረንጓዴ ነገሮች ተደርድረው ጭማቂውን ይመጥጣሉ። ጮህኩ። እትዬ የሳሙና ውሃ በጥብጣ መጣች፤ በየቅጠሉ ጀርባ በጨርቅ እየጠረግን አመሸን።

ስንጠርግ እንዲህ አለችኝ፦ «ይህንን በየሦስት ቀኑ ነው የምታደርጊው። ጀራኒየሙን ደግሞ ውሃ አታብዢበት። የደረቀ አበባ ሲኖር ከሥሩ ቀንጥሺው፣ አሳዘነኝ አትበይ። ጻፊው።»

«እርስዎ ያስታውሱኝ የለ?»

«ጻፊው» አለች።

ይኸው ጻፍኩት።

እሑድ፣ 1

ወሩ ተለወጠ። አልነገርኳትም። ራሴን ምን ልበለው? ፈሪ! ዛሬ አጠገቧ ለአንድ ሰዓት ተቀምጬ ሁለት ጊዜ አፌን ከፈትኩ። አንደኛው ጊዜ «እትዬ» አልኩ፤ «ወይ» ስትለኝ «አሸዋው አለቀ እንዴ?» አልኳት።

ወንድሜ ገዢዎች አምጥቶ ቅዳሜ ሊያሳያቸው ነው። ዓርብ የግድ ነው። ዓርብ።

ዓርብ፣ 6

የተቆረጡት ሦስቱም እምቡጥ አወጡ! በያንዳንዳቸው ከአሥር በላይ ቆጠርኩ! ያልተቆረጠችው አንድ ክር ሆና ወደ ላይ ሄዳ ትወዛወዛለች፤ እትዬ ልክ ነበረች። ነገ ገዢዎቹ ሲመጡ ሁሉም ይፈነዱ ይሆናል።

ይህን ሳስብ ደስታዬ ለምን እንደጠፋ አላውቅም። ደክሞኝ ይሆናል። ትዕዛዙ ገና አላለቀም።

አልነገርኳትም።

ቅዳሜ፣ 7

በሥርዓቱ ልጻፈው።

አራት ሰዓት ላይ ወንድሜ ከባልና ሚስቱ ጋር መጣ። ደህና ሰዎች ናቸው፤ ክፋት የለባቸውም። ኩሽናውን አዩ፣ ቧንቧ ከፍተው ዘጉ፣ የኔን ክፍል አዩ። ከዚያ ወንድሜ «ዋናው ገና ነው» ብሎ የእትዬን በር አንኳኩቶ ከፈተ።

እትዬ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ነጠላ ጫማዋን ሳይሆን የመውጫ ጫማዋን አድርጋለች፣ ክሩ ጥብቅ ብሎ ታስሯል። ቦርሳዋ ጭኗ ላይ ነው። አልጋው ሥር ሦስቱ ካርቶኖች በገመድ ታስረው ተደርድረዋል። ቁም ሳጥኑ ክፍት ነው፤ ማንጠልጠያ ብቻ።

ሴትየዋ በረንዳው ላይ ወጥታ «ወይኔ ሲያምር!» አለች። አራቱም ፔቱኒያዎች ፈንድተዋል፤ እኔ ያየሁት ከሷ ኋላ ነው። «አበባውም ከቤቱ ጋር ነው?»

«ከቤቱ ጋር ነው» አለ ወንድሜ።

ባልየው የብረቱን አጥር ነቅነቅ አደረገ። «በመስታወት ብንዘጋው አንድ ክፍል ይወጣዋል» አለ።

«እናትህ ናቸው?» ብላ ሴትየዋ ወንድሜን በዝግታ ጠየቀችው።

«አይ… እሳቸው ይሄዳሉ።»

እትዬ ተነሳችና ሰዎቹ እንዲያልፉ መንገድ ለቀቀች። ያኔ ነው አፌ የተከፈተው። ስሰማው የራሴ ድምፅ አልመሰለኝም።

«ቤቱ አይሸጥም።»

«ምን?» አለ ወንድሜ።

«አልፈርምም፣ ጋሼ። ይቅርታ አድርጉልን፤ ደክማችሁ መጣችሁ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። አይሸጥም።»

ሰዎቹ ሲወጡ ወንድሜ ደረጃው ላይ ያዘኝ። አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። «እኔ ሦስት ልጆች አሉኝ» አለኝ። «አንቺ ስምንት ባልዲ አለሽ።»

ሲወርድ የእግሩን ኮቴ እስከ ታች ቆጠርኩ።

ስመለስ እትዬ እንደቆመች ናት። ታመሰግነኛለች ብዬ ነበር፣ ልዋሽ አልችልም።

«ማን ጠየቀሽ?» አለችኝ። «ለእህቴ ልጅ ደውዬላታለሁ። አልጋ አዘጋጅታ ትጠብቀኛለች። ሰው መጫወቻ ታደርጊያለሽ?»

«ጋሼ ሲያወራ ሰምተው ነበር?»

«ቧንቧ ሲከፈት የማይሰማ ይመስላችኋል? ሠላሳ አራት ዓመት በጩኸት መሃል የልጅ ልብ ትርታ ሳዳምጥ የኖርኩ ሴት ነኝ። ደግሞ ያን ዕለት አይደለም ያወቅኩት። ሻንጣሽን ይዘሽ የገባሽ ቀን ነው።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«መናገሩ ያንቺ ነበራ። ጠበቅኩሽ። ዛሬ ትነግረኛለች፣ ነገ ትነግረኛለች እላለሁ፤ አንቺ ስለ አሸዋ ትጠይቂኛለሽ።»

ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ያኔ ሁሉንም ነገርኳት፦ ላስወጣት እንደመጣሁ፣ አምስት ወር መናገር እንዳቃተኝ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ወንበር ጫፍ ላይ ስቀመጥ ምን አስብ እንደነበር ሳይቀር። ረዥም ነበር፤ አላቋረጠችኝም። ስጨርስ ጎንበስ ብላ የአንዱን ጫማዋን ክር ፈታች።

«ይሄኛው ጠብቆብኝ ነበር» አለች።

ካርቶኖቹን ግን አልነካችም።

ማክሰኞ፣ 10

ወንድሜ ስልኬን አያነሳም። ካርቶኖቹ እንደታሰሩ ናቸው። አበቦቹ እንደ ጉድ ፈክተዋል፤ የታችኛው ፎቅ ሰውዬ ደረጃ ላይ አስቁሞኝ «ከናንተ የሚወርደው ውሃ…» ሲል ሊቆጣኝ ነው ብዬ ተሸማቀቅኩ። «…አበባውንም ትንሽ ወደኛ ብታወርዱት» አለኝ!

ሐሙስ፣ 12

ምሳ ሰዓት ላይ ወንድሜ ቢሮ ሄድኩ። አንድ ወረቀት ጽፌ ነበር። እትዬ በቃኝ እስክትል ድረስ ቤቱ አይነካም፤ ከዚያ በኋላ የኔም ድርሻ የእሱና የልጆቹ ነው። ሁለት ሰው አስመስክሬ ፈርሜበታለሁ፤ አንዷ ኦቨርሎክ ናት፣ እንዳታወራ አስምያታለሁ።

ሁለት ጊዜ አነበበው። «አንቺስ የት ትገቢያለሽ?»

«ያኔ እናያለን።»

«አብደሻል» አለኝ።

«ሳይሆን አይቀርም።»

ወረቀቱን ቀስ ብሎ አጥፎ ኪሱ ከተተው። «ተናድጄብሻለሁ፤ ይህንን እወቂው» አለ። ከዚያ ሊፍቱ ድረስ ሸኘኝ። በሩ ሊዘጋ ሲል በእጁ ያዘና «እሑድ ልጆቹን ይዤ እመጣለሁ። ባልዲሽን ከመንገድ አንሺ» አለኝ።

ለእትዬ ስለ ወረቀቱ አልነገርኳትም። ስለዚህኛው እንኳ ዝም ማለት እችላለሁ።

ቅዳሜ፣ 14

ጠዋት እትዬን ይዣት ወደ ችግኝ ሻጩ ሄድኩ። ከአባቴ ሞት ወዲህ ከሕንፃው ርቃ ስትሄድ የመጀመሪያዋ ነው። ባዶ ለቀሩት ሁለት ባልዲዎች ነገር ፍለጋ ነው። እሷ አንድ አንድ እያነሳች ሥራቸውን ታያለች፣ ቅጠላቸውን ታገላብጣለች፤ ሰውየው በፍርሃት ይከተላታል። በመጨረሻ አንድ ጃስሚን ፊት ቆመች። ሐረግ ነው፣ ገና የክንድ ቁመት።

«ይህቺ መቼ ታብባለች?»

«ይህቺ እማማ፣ ትዕግሥት ትፈልጋለች። ሁለት ዓመት ገደማ።»

«ሁለት ዓመት» አለች እትዬ። ለራሷ ነው ያለችው። እኔ አፈሩን፣ ጫማዬን፣ መንገዱን አየሁ፤ እሷን ብቻ አላየሁም።

«ጠቅልላት» አለችው።

አውቶቡሱ ሞልቶ ነበር። እትዬ ተቀምጣ ጃስሚኑን ጭኗ ላይ አቅፋለች፤ እኔ አጠገቧ ቆሜ በየመዞሪያው ሐረጉን በእጄ እከልላለሁ። ቲኬት ቆራጩ እኛ ጋ ሲደርስ ሐረጉን አየ፣ እኔን አየ፣ እሷን አየ።

«ልጅዎ ናት፣ እማማ?»

እትዬ የሐረጉን ጫፍ ከአንገቷ ላይ አነሳች።

«አይደለችም» አለችው። «አብራኝ የምትኖር ናት።»